ለአባታችን ስንጠብቀው

ወንድሜ የታመመው አባባን ሲጠብቅ ነው። ሁላችንም ዓይናችንን አባባ ላይ ተክለን፣ ዛሬ ይወድቃሉ ነገ ይወድቃሉ ስንል፣ የወደቀው ጠባቂው ሆነ። ይህን ለሰው ስናገር አንዳንዱ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ አንዳንዱ ሳቁን ያፍናል። በሁለቱም አልፈርድም። እኔን የሚያበግነኝ "ለመሆኑ ቀድማችሁ አላያችሁም ነበር?" የሚለኝ ሰው ነው። አይተን ነበር። ያየነውን ማን ይስማን።

አባባ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን የፈጁት ከባድ መኪና ሲነዱ ነው፤ ዛሬም ሶፋ ላይ ተቀምጠው ወሬ ሲረዝምባቸው ቀኝ እግራቸው ፍሬን ይፈልጋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ ግራ እጃቸው ሳሙና አልይዝ አላቸው። አፋቸውም ወደ አንድ ጎን ዘመም አለ። ምሳ ሳይደርስ ሁሉም ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ሐኪሙ ግን "ትንሿ ስትሮክ ናት፣ ማስጠንቀቂያ ናት። በዚህ ዕድሜ ትልቋ እንዳትከተል ዓይናችሁን ከሳቸው ላይ አትንቀሉ" ብሎ ሸኘን። ወንድሜ ቃሉን እንዳለ ወሰደው። ብዙም ሳይቆይ ልብሱን ሸክፎ አባባ ቤት ገባ።

ወንድሜ ታላቄ ነው፤ ያኔ ስልሳ ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፣ ልጅ አልወለዱም። ሥራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ነው። ከሥሩ መብራት በበራበት ጠረጴዛ ላይ ጨርቁ ሲንሸራተት ቆሞ ያያል፤ የተዘለለ ክር፣ የተቋጠረ ክር፣ ቀለም ያልያዘው ቦታ ሲያገኝ ምልክት ያደርግበታል። ችግሩ ያንን ዓይኑን ፋብሪካው በር ላይ አስረክቦ አይወጣም። ይዞት ይመጣና አባባ ላይ ያሳርፈዋል።

"አባባ፣ ኪኒንዎን ዋጡ?"

"ዋጥኩ።"

"እስቲ አፍዎን ይክፈቱ።"

"ጥርስ ቢኖረኝ እነክስህ ነበር" ይላሉ አባባ፣ አፋቸውን እየከፈቱ።

ጠዋት ግፊታቸውን ይለካል፣ ማታ ግፊታቸውን ይለካል። እሳቸው ክንዳቸውን ሰጥተው ጣራ ጣራ ያያሉ፤ "ጎማዬን እየነፋ ነው" ይሉኛል ለእኔ። ጨው ከኩሽና ተሰደደ። ደረጃ ብቻቸውን መውረድ ተከለከለ። ሽንት ቤት ሲቆዩ በር ይንኳኳል። አባባ "ተቆጣጣሪው" ብለው ስም አወጡለት፣ ስሙም ከቤት ወጥቶ ሰፈሩን አዳረሰ። አትክልት የምትሸጠው ሴትዮ እንኳን "ተቆጣጣሪው ዛሬ አልመጣም?" ትለኛለች።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስፌት ቤቴ የአባባ ቤት የፊት ክፍል ነው፤ በሩ በቀጥታ መንገድ ላይ ይከፈታል። ቤቴ ሁለት መንገድ ቢርቅም ቀኑን ሙሉ የምውለው እዚያ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሲጣሉ ዳኛዋም፣ ምስክሯም፣ አንዳንዴም ተከሳሿ እኔ ነኝ። የደንበኛ ወገብ እየለካሁ፣ በአፌ መርፌ ነክሼ፣ ከጓዳ በኩል "ልጄ፣ ነይና ይህን ሰውዬ ያዢልኝ" ሲሉ እሰማለሁ። ከኋላው ደግሞ "አንቺ፣ አባባ ፓንኬክ በሉ፣ ከየት አመጡት?" ይከተላል። መርፌውን ውጬ በተገላገልኩ የምልበት ቀን ብዙ ነበር።

ወንድሜ ራሱስ? ለአባባ ኮሌስትሮል ምን እንደሆነ ሲያስረዳ በሌላ እጁ ሲጋራ ይዞ ነው። ቁርስ አይበላም። ማጅራቴን ያዘኝ እያለ ከኪሱ የራስ ምታት ኪኒን እያወጣ ያለ ውሃ ይውጣል።

"ጋሼ፣ እስቲ አንተም ተለካ" አልኩት አንድ ቀን። "መለኪያው ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ክንድህም ትከሻህ ላይ አለ።"

"እኔ ምን ሆንኩና? ሽማግሌው እሳቸው ናቸው።"

"ሽማግሌ ብቻ ነው እንዴ የሚታመመው?"

"አንቺ ስፌትሽን ስፊ።"

አባባም ነገሩት። ለእሳቸው የሰጠው መልስ ለእኔ ከሰጠው የባሰ ነበር፤ ክንዳቸውን ይዞ መለካት ጀመረ።

የታመመው በእረፍት ቀኑ ነው። ምሳ ቀርቧል፣ ሦስታችንም ጠረጴዛው ዙሪያ ነን። አንዲት ደንበኛዬ የልጇን ቀሚስ ልትለካ መጥታ የፊት ክፍል ተቀምጣለች። አባባ ሾርባውን አንዴ ቀመሱና ማንኪያውን አስቀመጡ። ከዚያ ከሸሚዛቸው ኪስ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥተው ቀስ ብለው ፈቱት። ጨው ነው። ከየት እንዳገኙት እስከ ዛሬ አልተናገሩም።

"አባባ" አለ ወንድሜ።

"አቤት።"

"ያምጡት።"

"አላመጣም።"

ወንድሜ ተነስቶ ወረቀቱን ነጠቃቸው። ከእጁ ግን ሾልኮ ጨዉ ጠረጴዛው ላይ ተበተነ። ጎንበስ ብሎ በቀኝ እጁ ሊሰበስብ ሲሞክር ጣቶቹ ጨዉን እየገፉ ያልፉታል እንጂ አይዘግኑትም። ተናዶ እንደሆነ ነበር የመሰለኝ። አባባ ግን ዝም አሉ። አባባ በክርክር መሃል ዝም ሲሉ አይቼ አላውቅም።

"እስቲ ፈገግ በል" አሉት።

"አባባ፣ አይቀልዱ።" ቃሉ ከአፉ የወጣው ወፍሮ፣ ሙሉ አፍ ምግብ እንደያዘ ሰው ነበር።

"ፈገግ በል አልኩህ።"

"ምን ያስቃል?"

"ጥርስህን አሳየኝ። እኔ ስንት ዓመት ሳሳይህ ኖሬ የለም እንዴ።"

እንዲገላግሉት ብሎ ገለፈጠ። ግማሽ ፊቱ ሳቀ። ሌላው ግማሽ የሌላ ሰው ይመስል ዝም ብሎ ቀረ። አባባ ወንበራቸውን ገፍተው ተነሱ። "ሁለት እጅህን ወደ ላይ አንሳ" አሉት። ግራው ወጣ፤ ቀኙ ግማሽ መንገድ ሄዶ እንደ እርጥብ ፎጣ ወረደ።

"ደክሞኝ ነው" አለ ወንድሜ። "ትንሽ ልጋደምና ይለቀኛል።"

ደንበኛዬ ድምፅ ሰምታ ብቅ አለች። አየችውና "ብርድ መትቶት ነው" አለች። "በደንብ ተሸፍኖ ይተኛና ላብ ያውጣው። የእኔንም ባል እንደዚህ አድርጎት ነበር።"

"ባልሽ አሁን የት ነው?" አሏት አባባ።

ባሏ መሞቱን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።

"ማንም አይተኛም" አሉ አባባ። "ልጄ፣ ባለታክሲውን ጥሪው።"

ባለታክሲው ጎረቤታችን ነው፤ በር ላይ መኪናውን እያጠበ አገኘሁት። ሳሙናውን ሳያለቅልቅ ነው የተነሳው። ወንድሜ መኪና ውስጥ ለመግባት የተከራከረውን ክርክር ብነግራችሁ አታምኑኝም። አንድ እግሩን እየጎተተ፣ በዚያች በወፈረች ምላሱ "መታየት ያለባቸው እሳቸው ናቸው፣ ጨው በልተዋል" ይለኛል። ይዤው ላለቅስ ነው ወይስ በጥፊ ላጮለው፣ ለራሴም ግራ ገባኝ። አባባ ፊት ወንበር ተቀምጠው መንገዱን ይመሩ ጀመር። "በቀኝ ያዝ። ጥሩንባህን ተጫን። እለፈው ይህን ቀርፋፋ።" ባለታክሲው ላቡ በጀርባው እየወረደ "እሺ አባቴ፣ እሺ አባቴ" ይላል።

ሆስፒታሉ በር ላይ የሆነው ግን ከዚያ ሁሉ ይብሳል። ከመኪናው ስንወርድ ዘበኛው ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ ሮጦ መጣ፣ ዞር ብሎ አየን፣ አባባን ደግፎ አስቀመጣቸው። አባባ ሊነሱ ሲሉ ነርሷ ደረሰች።

"አባት፣ ተረጋጉ። መቼ ነው የጀመረዎት?"

"እኔ አይደለሁም" አሉ አባባ።

"እሺ፣ አይጨነቁ።"

"አይደለሁም እኮ ነው የምልሽ። እሱ ነው።"

ነርሷ ወደ እኔ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ "ብዙዎቹ መታመማቸውን አያምኑም፣ በሽታው ራሱ ነው እንደዚህ የሚያደርጋቸው" አለችኝና ወንበሩን እየገፋች ወሰደቻቸው። እኔ ወንድሜን በብብቱ ደግፌ እየጮህኩ እከተላለሁ። እሱ ደግሞ፣ ይታያችሁ፣ ራሱን በአዎንታ እየነቀነቀ "ልክ ናት፣ እሳቸውን ታያቸው" ይላል። አባባ ከሚሄደው ወንበር ላይ ቀኝ እግራቸውን ወለሉ ላይ ተክለው አቆሙት። ነርሷ ከኋላ ተላተመች። ወንድሜ በዚያች ሰዓት ግድግዳውን ይዞ ቀስ እያለ ወደ መሬት ተንሸራተተ። ያኔ ሁሉም ሰው ሮጠ።

ዶክተሯ ሽበት ጣል ጣል ያደረጋት፣ ዓይኗ እንቅልፍ የጠማው ሴት ነበረች። መጀመሪያ የጠየቀችው መቼ እንደጀመረው ነው። አባባ "ምሳ ቀርቦ፣ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ" አሉ። እኔ ሰዓቱን ነገርኳት። የጭንቅላት ሲቲ ስካን ተነሳና ደም እንዳልፈሰሰ፣ የረጋ ደም አንዱን ሥር እንደዘጋው ታወቀ። "የሚያሟሟው መድኃኒት ጊዜው ካለፈ አይሰጥም" አለች። "አላለፈባችሁም። ቢተኛ ኖሮ ያልፍ ነበር።" አባባ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና ጠርዙን በጣታቸው ማዞር ጀመሩ።

በማግስቱ ወንድሜ የተኛበት ክፍል ገባን። አልጋዎቹ ሁሉ ሙሉ ናቸው፤ ኮሪደሩም ላይ ፍራሽ ተዘርግቷል። አብዛኛው የአባባ እኩያ ነው። ከአልጋው ጎን የተቀመጠው አስታማሚም የአባባ እኩያ ነው። ሽበታም ሚስት ሽበታም ባሏን በማንኪያ ታጎርሳለች፣ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ግማሹ አንሶላው ላይ ይቀራል። ማን ታማሚ ማን አስታማሚ እንደሆነ ካልተኛ በቀር አይለይም።

አባባ ዶክተሯን አስቆሟት። "እኔ ሰማንያ አራት ዓመቴ ነው" አሏት። "እኔ ነበርኩ እዚህ መተኛት ያለብኝ። እሱን ምን አስቸኮለው?"

"አባት፣ ይህ በሽታ ሰልፍ አይጠብቅም" አለች። "ዕድሜ ሲገፋ ይበዛል፣ እሱ እውነት ነው። ሰዉ ከድሮው የበለጠ እየኖረ ስለሆነ አልጋዬን የሞሉት የእርስዎ እኩዮች ናቸው። ግን ግፊቱን ሳያውቅ የሚዞር ጎልማሳም ያመጡልኛል። የእርስዎ ግፊት ጥሩ ነው፣ ትናንት ነርሷ ለክታዎታለች።"

"እሱ ነው ጥሩ ያደረገው" አሉ አባባ።

"የእሱ ደግሞ ከቁጥር በላይ ነበር። ለዓመታት እንደዚያው የኖረ ነው የሚመስለው።"

አባባ ወደ እኔ ዞሩ። በዓይናቸው ይህቺን ሰምተሻል አሉኝ። ሰምቻለሁ።

ዶክተሯ ሄዳ እንደገና ተመለሰች። "ሥራ ስጀምር ብዙዎቹ እዚሁ ያልፉብን ነበር" አለች። "አሁን ብዙዎቹን እናተርፋለን። ካተረፍን በኋላ ለማን እንደምንሰጣቸው ነው ግራ የሚገባን።"

እኛም ያ ጥያቄ ደረሰን። ሊወጣ ሲል ነርሷ፣ ያቺው ነርስ፣ "ቤት ውስጥ የሚንከባከበው ማን ነው?" አለች።

"እኔ" አሉ አባባ።

ቀና ብላ አየቻቸው። "እርስዎንስ የሚንከባከበው?"

"እሱ ነበር።"

ነርሷ እኔን አየችኝ። ከእኔ ሌላ ወጣት ሰው እንዳለ ልትጠይቅ ፈልጋ እንደተወችው ገባኝ። እኔም ስፌት ማሽን ላይ ጎብጬ የኖርኩ፣ ልጅ ያሳደግኩ፣ ክር ለማስገባት መነጽር የምፈልግ ሴት ነኝ። በዚያን ሰዓት ግን ወጣቷ እኔ ነበርኩ።

ወንድሜ ወደ ቤት የተመለሰው ቀኝ እጁ ሆዱ ላይ ታጥፎ፣ ቀኝ እግሩ እየተጎተተ፣ ቃላቱም ተዘበራርቀው ነው። የምንለው ሁሉ ይገባዋል። እሱ ግን የሚፈልገውን ቃል ሲጠራ ሌላ ቃል ይመጣበታል፤ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው "መብራት" ነበር። ውሃ ሲፈልግ መብራት፣ ሽንት ቤት ሲፈልግ መብራት። አባባ የመጀመሪያዎቹን ቀናት አምፖል ሲያበሩና ሲያጠፉ ዋሉ። ወንድሜ በግራ እጁ ጠረጴዛውን ይደበድባል፣ አባባ "በርቷል እኮ ልጄ፣ ምን ላድርግልህ?" ይላሉ፣ እኔ ከፊት ክፍል መቀሴን ይዤ እሮጣለሁ፣ ደንበኛዬ ግማሽ ቀሚስ ለብሳ መስታወት ፊት ቆማ ትቀራለች።

ከዚያ አባባ አሠልጣኝ ሆኑ። የሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው፣ እጁን እንዴት እንደሚያፍታቱለት፣ እንዴት እንደሚያቆሙት አሳያቸው። "በቀን ደጋግማችሁ፣ ግን እረፍት እየሰጣችሁ" አለ። አባባ ደጋግማችሁ የሚለውን ሰሙ፣ እረፍት የሚለውን አልሰሙም። ከነጋ ጀምሮ "ተነስ፣ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ" ነው። ኮሪደሩ ላይ ከፊቱ ሆነው ወደ ኋላ እየሄዱ፣ የማይታይ መኪና እንደሚያስገቡ በእጃቸው "ና፣ ና፣ ና፣ ቁም" ይሉታል። እሱ ያልበዋል፣ ያንጎራጉራል። እኔ ደግሞ ወደ ኋላ የሚሄዱትን ሽማግሌ አይቼ ነፍሴ ትወጣለች፤ ምንጣፉ ቢጠልፋቸው ሁለት በሽተኛ ልይዝ ነው።

"አባባ፣ በዚህ ዕድሜዎ ወደ ኋላ አይሂዱ" እላለሁ።

"ተጎታች ይዤ ተራራ ላይ ወደ ኋላ ሄጃለሁ፣ ኮሪደር ያቅተኛል?"

የንግግሩ ልምምድ የባሰ ነበር። አባባ ብርጭቆ አንስተው "ውሃ በል" ይላሉ። ወንድሜ "መብራት" ይላል። "ውሃ።" "መብራት።" "ከንፈርህን አሞጥሙጥ፣ ው።" ከምሳ በኋላ ቁጭ ብለው እስኪጨልም በዚያችው ብርጭቆ ይጨቃጨቃሉ። አንድ ቀን እጅጌ እየቀጠልኩ፣ ያንን "ው፣ ው፣ ው" ስሰማ ጨርቄን ጥዬ ልሮጥ ምንም አልቀረኝ፤ ያን ጊዜ ከውስጥ ጥርት ያለ ድምፅ መጣ።

"ተወኝ።"

ማሽኑን አቆምኩ።

"ምን አልክ?" አሉ አባባ።

"ተወኝ አልኩህ። ሰለቸኸኝ።"

በቤታችን አባባን አንተ ያለ ሰው የለም። እናታችን እንኳን፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አንቱ ትላቸው ነበር። ወንድሜ ሲቆጣቸውም ሲመረምራቸውም፣ አፍዎን ይክፈቱ ሲላቸውም በእርስዎ ነበር። ሮጬ ገባሁ። እሱ የተናገረው ለራሱም ደርሶት ፊቱ ፍም መስሏል። ሊያርመው ይሞክራል፣ የአክብሮቱን ቃል ግን አላገኘውም፤ "አን... አን..." እያለ እንባው መጣ።

አባባ ብርጭቆውን አስቀመጡ። "ሦስት ቃል በአንድ ጊዜ ተናገረ" አሉኝ። ከዚያ ጉልበቱን መታ መታ አደረጉት። "ዕድሜህን ሙሉ እርስዎ ስትለኝ፣ ልጄ ሁን የትራፊክ ፖሊስ ለይቼህ አላውቅም ነበር። በል፣ ድገመው። ስደበኝ።"

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ነገሩን ስንነግረው አልገረመውም። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚመለሰው የንዴት ቃል ነው አለን። አባባ ይህን ፈቃድ አድርገው ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ወንድሜን ሆን ብለው ያበሽቁት ጀመር። ሾርባውን ያለ ማንኪያ ያቀርቡለታል፣ ሬዲዮኑን የማይወደው ጣቢያ ላይ ያደርጉበታል፣ እሱም ቱግ ይልና ይናገራል። በየሳምንቱ አዲስ ቃል ይወጣዋል፤ አብዛኛው ሰው ፊት የማይነገር ነው። ሐኪሞቹ እድገቱ ጥሩ ነው አሉ። ጥሩ ነው። ቀኑን ሙሉ እዚያ የምውለው ግን እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ሆስፒታል ወስደነው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ወንድሜን አቁሞ ሲያበቃ ወደ እኔ መጣ። "አንቺስ?" አለኝ። ማጅራቴን በእጄ ይዤ ነበር የቆምኩት። ነርሷ ጋ ወስዶ አስለካኝ። ነርሷ ቁጥሩን አይታ ኪኒን ከምትጽፍልኝ ሐኪም ጋር አገናኘችኝ። "ቀጣዩ ታማሚ የሚመጣው ከአስታማሚው ወንበር ነው" አለኝ እሱ። "እዚህ ክፍል ባልዋን ስታመላልስ ቆይታ ራሷ የተኛችብን ብዙ ናት። እረፍት ውሰጂ።"

እረፍት ውሰጂ ይላል። ከየትኛው ሱቅ እንደምገዛው ግን አልነገረኝም።

ሆኖም ሌላ ከተማ ያለችው ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው። ደወለችልኝ። "እማዬ፣ ካልቻልሽ አልቀየምም" አለችኝ። ሰው አልቀየምም ሲል ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። እራት ላይ ለሁለቱ ነገርኳቸው።

"እሄዳለሁ። ጥቂት ቀን እቆያለሁ።"

"ሂጂ" አሉ አባባ ሳያቅማሙ። "እኔ አለሁለት።"

ወንድሜ ወደ አባባ በጣቱ እየጠቆመ ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። "እኔ... ለእሱ" አለ። "እኔ አለሁ።"

እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ተባባሉ። ሁለቱን እያየሁ ምግቤን አቆምኩ። አንደኛው አንድ እጅ የለውም፣ አንደኛው ምክር የሚሰማ ጆሮ የለውም፤ ማን ማንን እንደሚጠብቅ ይከራከራሉ። ያን ጊዜ ነው የፈነዳሁት። ማንም ማንንም አትጠብቁ፣ ዝም ብላችሁ ኑሩ፣ እኔም ሰው ነኝ አልኳቸው። ብዙ አልኩ። በነጋታው ባለታክሲውን ጠዋትና ማታ ብቅ እንዲልላቸው ለምኜ፣ ምግቡን አዘጋጅቼ፣ ኪኒኖቹን በየሳጥኑ ከፋፍዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ልጄ በሰላም ወለደች። ስደውል አባባ ያነሳሉ፣ "ደህና ነን፣ አትረብሺን" ይሉና ይዘጉታል። ወንድሜ አንድ ጊዜ ስልኩን ተቀብሎ ብዙ ታግሎ "ወንድ... ነው?" አለኝ። ሴት ናት አልኩት። "ጎበዝ" አለ። ያንን ቃል አዲስ ያገኘው መሆኑን አወቅሁ፤ ደስ ብሎኝ የልጄ ኩሽና ውስጥ ትንሽ አለቀስኩ።

ስመለስ በሩን የከፈቱልኝ አባባ ናቸው። ክንዳቸው ላይ ትልቅ የበለዘ ቦታ አለ። ወንድሜ አገጩ ላይ ፕላስተር አለው። ድስቱ ከታች አርሯል፣ ልብሱ ገመድ ላይ ሳይጨመቅ ተሰቅሎ ወለሉን አርሶታል።

"ምን ሆናችሁ?"

"ምንም" አሉ አባባ።

"ምንም" አለ ወንድሜ። በጣም ጥሩ አድርጎ ነው ያለው፣ ቀድመው የተለማመዱት ይመስላል።

የነገረኝ ባለታክሲው ነው። አንድ ጠዋት ብቅ ሲል የሚከፍትለት አጣ። ከውስጥ ጭቅጭቅ ይሰማል። ወንድሜ ሽንት ቤት ደርሶ ሲመለስ ወድቆ፣ አባባ ሊያነሱት ሲሞክሩ አብረውት ወድቀው፣ ሁለቱም መነሳት አቅቷቸው ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ተኝተዋል። አባባ ትራሱን ከአልጋው ስበው ከወንድሜ ራስ ሥር አድርገውለታል። ወንድሜ በደህና እጁ ፎጣ ጎትቶ የአባባን እግር ሸፍኗል። ባለታክሲው በመስኮት ገብቶ ሲደርስ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ እየተከራከሩ ነበር።

ገብቼ ልጮህባቸው ነበር። ጠረጴዛው ጋ ስደርስ ግን ለሦስት ሰው ሳህን ተቀምጧል፤ የእኔ ፊት ያላረረውን፣ ከላይ ከላይ ቀድተው፣ በሌላ ሳህን ከድነውልኛል። ቁጭ አልኩና በላሁ። መጥፎ ነበር።

"ከእንግዲህ በሳምንት አንድ ቀን አልመጣም" አልኳቸው ስጨርስ። "ማሽኑን ዘግቼ ቤቴ እውላለሁ። አንዲት የጎረቤት ልጅ ትመጣላችኋለች፣ ተነጋግረናል። ኮሪደሩ ላይ የሚያዝ ብረት ይገጠማል። ምንጣፉ ይወጣል። አባባ፣ እርስዎ ሰው አያነሱም። ጋሼ፣ አንተ ብቻህን አትነሳም። የሚከራከር አለ?"

ሁለቱ ተያዩ።

"እሷ... ባሰች" አለ ወንድሜ።

"ከአንተ?" አሉ አባባ። "አንተስ በስንት ጣዕምህ፣ ከሷ አንተ ትሻላለህ።"

ወንድሜ ወደ ፋብሪካው አልተመለሰም፤ በሕመም አስወጡት። ቀኝ እጁ ዛሬም ታጥፎ ነው፣ በከዘራ ግን ደጅ ይደርሳል። አባባ በዱላ ከጎኑ ናቸው። በዚያ በማልመጣበት ቀን ምን እንደሚሠሩ አልጠይቅም። የመጀመሪያው ቀን አልጋዬ ላይ ተጋድሜ፣ ስልኬን ከትራሴ ሥር አድርጌ ጣራውን ሳይ ዋልኩ። ሁለት ጊዜ ጠራ፤ አላነሳሁም። ሦስተኛ ሲጠራ ተነስቼ አየሁት። ሦስቱም የልጄ ጥሪ ነበር። የሕፃኗን ፎቶም ልካልኛለች፤ አፏን ከፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በሆነ ነገር ክፉኛ የተናደደች ትመስላለች።